ድስቱን ሳታይ አፍህን አትክፈት

ባለፈው ወር ላምበቦ ዳልኬ ዲምቱ ላይ ተቀበረ። ከሶዶ በጠዋት ተነስቼ ለቀብሩ ደረስኩ። መዘምራኑ ዘመሩ፤ ወንጌላዊው ጸለየ፤ ከዚያ የሟቹ ታላቅ ልጅ ወረቀት ይዞ ወጣና የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። ተወለዱ፣ አደጉ፣ በጦር ሠራዊት ሐኪም ቤት ድሬሰርነት ተማሩ፣ በሶዶ ከተማ በአንድ የግል የጥርስ ሕክምና ቤት ሠሩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ቀጥሎ ግን "ሥራቸውንም በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው ወደ ግብርና ተመለሱ" አለ።

ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ቀብር መካከል፣ ተነስቼ ውሸት ነው ልል ቃጣኝ። ያልተነሳሁት ልጁ ጥፋት እንደሌለበት ስለማውቅ ነው። እሱ ያነበበው አባቱ ሣጥን ውስጥ ካገኘው የሥራ ምስክር ወረቀት ላይ ነው። ያንን ምስክር ወረቀት የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በገዛ ፈቃዳቸው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይኸው ሰውየው መቃብር ሲወርድ እንኳ አልጠራም። እንግዲያው እኔው ልናገረው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሶዶ ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች። ሐኪም ቤቱ ጥርስ የሚያክም ሰው ስላልነበረው ጥርሱን ያመመውን ሁሉ ወደ እኛ ይልክ ነበር። እኛ ማለት ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነን። ባለቤቱ ሐኪም አስፋው ይባላል፤ አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብዙ ዘመን ሠርቶ ፈቃድ ያወጣ፣ መልከ መልካም፣ ሽቶ የሚወድ ሰው ነው። የወርቅ ጥርስ መግጠም የእሱ ሥራ ነው። መንቀሉ የላምበቦ ነው። እኔ ካርድ አወጣለሁ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ።

ላምበቦ ያኔ አርባ የሞላው፣ የአምስት ልጆች አባት ነበር። አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ ካኪ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ከሠራዊት ቤት ይዞት የወጣውን ሥርዓት አንድ ቀን ያላጎደለ ሰው ነው። አስፋው "ይሄ ልጅ" እያለ ነበር የሚጠራው። በዕድሜ የሚበልጠው ላምበቦ ነው፤ ግን ወላይታ ስለሆነና አማርኛው ስለሚሰባበር ልጅ ሆኖ ቀረ። ከሰሜን መጥተው ሶዶ ከከተሙ ሰዎች የተወለድኩት እኔም ያኔ ነውርነቱ አልታየኝም። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አራት ጉጠቶች ነበሩን፤ እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት ጥርስ። ላምበቦ አንድ ጥርስ በነቀለ ቁጥር ጉጠቱን በሳሙና ያጥብና ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄዳል። ብርሃን ላይ ከፈት ዘጋ እያደረገ መጋጠሚያውን ያየዋል። ደም የሚደበቀው እዚያ ነው ይል ነበር። ያንን ስንጥቅ የሚፈገፍግበት የራሱ መሣሪያ ነበረው፤ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጦ ያሰናዳው የወይራ መፋቂያ። ከዚያ በኋላ ድስት ውስጥ ይከተዋል። ድስቱ ከጠዋት እስከ ማታ የላምባ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጉጠት አይወጣም። የግድግዳው ሰዓት ሲቆምበት እኔ ካርድ ክፍል ድረስ ይመጣና የእጅ ሰዓቴን አይቶ ይመለሳል።

ይህ የእሱ አመል ብቻ አልነበረም፤ ደንብ ነው። ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ያሳተመው ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በመስተዋት ገብቶ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። አስፋው የሰቀለው እንደ ጌጥ ነበር። የገበያ ቀን ሠላሳ ሰው ጉንጩን ይዞ ደጅ ሲሰለፍ ሃያ ደቂቃ ማን ይጠብቃል? አልኮሉ ብርጭቆ ውስጥ እየነከርክ ቀጥል ይለዋል። ላምበቦ አይነክርም። አይከራከርምም። ጎንበስ ብሎ የምድጃውን እሳት ከፍ ያደርገዋል።

የማልረሳለት ግን ሕመምተኛውን የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ተራው የደረሰውን ሰው ቀጥታ ወንበሩ ላይ አያስቀምጥም። መጀመሪያ ክንዱን ይዞ ምድጃው ዘንድ ይወስደዋል፤ ክዳኑን ይከፍታል፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ሰውየው ወደ ኋላ ይላል። ያኔ ከሚፈላው ውሃ ውስጥ ጉጠቱን ያሳየውና ይሄ ያንተ ነው ይለዋል። ለሁሉም በወላይትኛ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው፦ "እዚህም ሆነ ሌላ ቦታ፣ እኔም ብሆን ሌላ ሰው፣ ድስቱን ሳታይ አፍህን አትክፈት።" ሽማግሌ ቢሆን ቆሎ ሻጭ፣ ሳይሰማት የሚቀመጥ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ሥራ ሲበርድ፣ ምን አደከመህ አልኩት። እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸው ተነቅሎላቸው ወደ ቤታቸው መሄድ ነው የሚፈልጉት፤ ስለ ድስት ምን ያውቃሉ? ተቆጣጣሪ አደረግካቸው እኮ ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን ቀልዱን አልተቀበለኝም።

"ተቆጣጣሪ በዓመት አንዴ ይመጣል" አለኝ። "አፍ በየቀኑ ይመጣል።"

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ትልቅ ዳኛ ጥርሳቸውን ታመው አሽከር አስከትለው ገቡ። አስፋው እየሰገደ ተቀበላቸውና ላምበቦን ቶሎ በል አለው። ወንበሩ አጠገብ ግን አንዲት እንጨት ተሸክማ የምትሸጥ ሴት ተራዋን ትጠብቃለች። ላምበቦ ለዳኛው እጅ ነሳ፤ ከዚያ ሴትየዋን አስቀድሞ ነቀለላትና ጉጠቱን አጥቦ፣ ፈግፍጎ፣ ድስት ውስጥ ከተተው። ዳኛው ሃያ ደቂቃ ሙሉ አገጫቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሃያው ሲሞላ እሳቸውንም ክንዳቸውን ይዞ ምድጃው ዘንድ ወሰዳቸው። ሲወጡ ይህን ሰው ከየት አመጣኸው ብለው አስፋውን ተቆጡት። ለሕመሙ ግን ተመልሰው አልመጡም፤ ቁስሉ በሦስተኛው ቀን ደርቆ ነበርና። አስፋው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ነከሰበት።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ። ላምበቦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ፣ ለጥቂት ቀን ፈቃድ ይወስዳል። በአንደኛው እንዲህ ባለ ሳምንት የገበያ ቀን መጣ። ምድጃው ላምባ አልቆበት ነበር። እንዲገዛ ለአስፋው ነገርኩት፤ ነገ አለኝ። እሱ ራሱ ጋዎኑን ለብሶ ወጣና በአንድ ጉጠትና በአንድ ብርጭቆ አልኮል እስከ እኩለ ቀን ሲነቅል ዋለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አልኮል ከረፋድ በኋላ ቀይ ሆኖ ነበር። እኔ በበሩ ክፍተት እያየሁ ካርድ እጽፋለሁ። ካርድ መጻፌን ቀጠልኩ።

ከነቀለላቸው አንዷ ከቦዲቲ የመጣች ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ጠንካራ፣ ሳቂታ ሴት። በአራተኛው ቀን መንጋጋዋ አበጠ፤ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወረደ። በስምንተኛው ቀን ሞተች። ባሏ ከቀብሩ በኋላ መጣ። ሊከስ አልነበረም የመጣው፤ በሽታው ምን እንደሆነና እነሱ ቤት ውስጥ ያጎደሉት ነገር ካለ ሊጠይቅ ነው። ላምበቦ ከጉባኤው ተመልሶ ነበርና ሰውየውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲሄድ እኔ ዘንድ መጣና ካርዷን አወጣ። ቀኑን አየ።

"ምድጃው ነዶ ነበር?" አለኝ።

አልነደደም አልኩት። በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለኝ፤ ለጠቅላይ ግዛቱ፣ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት። እኔ ስም ሳይኖረው ይሂድ አልኩ፤ ፈርቼ። እሱ ግን ስም የሌለው ወረቀት ሐሜት ነው ብሎ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ አስጽፎ ፈረመበት። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይነግሩ መጥተው እንዲያዩ።

ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። መልስ ጻፉ። መልሱን የጻፉት ለአስፋው ነው፤ የሚመጡበትን ቀን ጠቅሰው። ከሥሩ ደግሞ፣ የቢሮ ወግ ነውና፣ የላምበቦን ደብዳቤ ግልባጭ አያያዙለት። ሌባ ሊይዙ የሚሄዱ ሰዎች ለሌባው ማን እንደጠቆመና መቼ እንደሚመጡ ጽፈው ይልካሉ? እነሱ ልከዋል። ማኅተሙ እንኳ አልጎደለም።

አስፋው ግልባጩን አንብቦ ሲጨርስ ጠራኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ መታ መታ አደረገው። የእጅ ጽሕፈቴን ከሁሉ አስበልጦ ያውቀዋል። አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽርጉድ ሆነ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን ከሰው ቤት በውሰት መጣ። ከአዲስ አበባ የሚያብረቀርቁ ጉጠቶችና አዲስ ድስት ተገዙ። የላምበቦ ድስት ጥላሸት ስለለበሰ ለእንግዳ ዓይን አይሆንም ተብሎ ጓሮ ተጣለ። ልብ በሉ! እዚያ ቤት ውስጥ ደንቡ መከበሩን የሚያሳይ አንድ ዕቃ ቢኖር ያ የጠቆረ ድስት ነበር። ላምበቦ ጓሮ ወጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

የተቆጣጣሪው ቀን ደረሰ። የገበያው ሰው ዛሬ ዝግ ነው ተብሎ ተመለሰ። አግዳሚው ላይ የአስፋው ሚስት ወንድምና ሁለት ወዳጆቹ፣ ምንም ሳያማቸው፣ ልብሳቸውን አጥበው ተቀመጡ። ተቆጣጣሪው ከረባት ያሰረ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ወጣት ነበር። ሰውየው መሃይም አልነበረም፤ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሳያነብ አንቀጾቹን ጠራልን።

በሩ ላይ ግን ከበዴሳ በእግሯ የመጣች አንዲት አሮጊት አግኝቶ ነበር። ዝግ ነው መባሉን አልሰማችም፤ ጉንጯ ተነፍቷል። ይህችን አክሙና ልይ ብሎ እሱው ራሱ አስገባት። አስፋው ፈገግ ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ከሚያብረቀርቀው ሳህን ላይ ጉጠት አነሳ። አሮጊቷ አፏን በመዳፏ ከደነች። በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች።

ተቆጣጣሪው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስፋው የገጠር ሰው ናት፣ ፈርታ ነው አለ።

ላምበቦ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። "አልፈራም" አለ በተሰባበረ አማርኛው፣ ሴቷን እንደ ወንድ እየጠራ። "ድስቱን አሳዩኝ ነው የሚለው።"

አስፋው ወደ እኔ ዞሮ ድስቱን አምጣላት አለኝ። አዲሱን ድስት ይዤላት መጣሁ። አሮጊቷ ክዳኑን አንስታ ወደ ውስጥ አየች፤ ጣቷን ከትታ ዳበሰችው፤ ከዚያ ገለበጠችው። የሱቁ ወረቀት ቂጡ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ድስቱን መለሰችልኝና ለላምበቦ ተናገረች። እሱም እንደነገረችው ተረጎመው፦

"ይሄ ድስት ውሃ አያውቅም ይላል።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጤነኛ ሕመምተኞች መሬት መሬት አዩ። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ከፍቶ ረዘም አድርጎ ጻፈ። እኔ በልቤ አበቃ አልኩ፤ እግዜር በአንዲት አሮጊት አፍ ፈረደ። ላምበቦም እንደዚያው አስቦ ነበር። ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ጓሮ ወጣ፤ የተጣለውን ድስት አንስቶ በአመድ ፈተገው፤ ውሃ ሞላው፤ ምድጃውን ለኮሰ። ጌታዬ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ይዩ አለው ተቆጣጣሪውን።

ሃያ ደቂቃ! ሰውየው ሃያ ደቂቃ አልቆመም። አስፋው ምሳ ደርሷል ብሎ ክንዱን ያዘው። ከጠዋት ጀምሮ የታረደ ሰንጋ ቤቱ ተሰቅሎ ይጠብቅ ነበር፤ ጥሬ ሥጋውና ዳጣው ተሰናድቷል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ያወጡት ለእንዲህ ያለው ሰው ይመስለኛል። ሁለቱ ወጥተው ሄዱ። ላምበቦ ለአሮጊቷ ክዳኑን ከፍቶ አሳያት፤ አየች፤ አፏን ከፈተች። ጥርሷን ሲነቅልላት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ውሳኔው መጣ። ቤቱ "የሕክምና ደረጃውን የጠበቀ" ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ጉድለት ብቻ ታይቷል፤ የትምህርት ማስረጃው በቂ ያልሆነ አንድ ሠራተኛ ሕመምተኞችን በማስፈራራት ሥራ እንደሚያውክ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ የመሥራት ፈቃዱ ተሰርዟል። ደንቡን ከሚያውቁት ሁሉ ደንቡን የጠበቀው አንድ ሰው ነበር፤ ደንቡ የያዘው እሱን ብቻ ነው። የቦዲቲዋ ሴት ጉዳይ በአንዲት መስመር ታልፏል፤ በሽታዋ ከቤቷ ይዛው የመጣችው መሆኑን ሠራተኞች መስክረዋል ይላል።

ሠራተኞች እኔ ነኝ። ምሳው ካበቃ በኋላ፣ ተቆጣጣሪው ገና ሶዶ እያለ፣ አስፋው ጠርቶኝ ነበር። መሳቢያውን ከፈተና የላምበቦን ደብዳቤ አወጣ፤ ከጎኑ ባዶ ወረቀት አስቀመጠ።

"ይህን የጻፈ እጅ ያንንም ይጽፋል" አለኝ።

ጻፍኩ። ምድጃው በዚያ ቀን ይነድ ነበር ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ምክንያት ልደረድር እችላለሁ፤ ሚስቴ ወልዳ ነበር፣ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፣ ወጣት ነበርኩ። አስፋውን ስረግም ስለኖርኩ ራሴን ከእርግማኑ ያወጣሁ አይምሰላችሁ።

የሥራ ምስክር ወረቀቱን የጻፍኩትም ፈቃዱ በተሰረዘበት ዕለት ነው፤ ቃሉን አስፋው እየነገረኝ። ላምበቦ መልቀቂያ አላስገባም፤ አስገባ ቢባልም እንቢ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ስሰጠው ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። በገዛ ፈቃዱ የሚለው ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየ። "ጽሕፈትህ ያምራል" አለኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ነክቶ አስተካከለና ወጣ።

አገሩ ዲምቱ ገብቶ በቆሎ ማረስ ጀመረ። ሰው ግን አልተወውም፤ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ደጁ ይመጣ ነበር። አንዱንም አልነቀለም። የጨው ውሃ አፍልቶ ያስጉመጠምጣቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ሂዱ ይላቸዋል። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ አላመንኩም ነበር። በሦስተኛው ዓመት የእኔው መንጋጋ ጥርስ ተነሳብኝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የምሠራው ጥርስ ሕክምና ቤት ነው፤ ወንበሩ ከጠረጴዛዬ አሥር እርምጃ አይርቅም። እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄ፣ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ዲምቱ ወረድኩ።

ማሳው ውስጥ አገኘሁት። አላኮረፈኝም። በወላይትኛ ሰላምታ ሳሮ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ከጥላ ሥር አስቀመጠኝ፤ አፌን አስከፍቶ አየው። መግል ቋጥሯል፣ መነቀል አለበት አለኝ። ንቀልልኝ አልኩት። አንድ ጉጠት ከሥራ ቤት በኪሴ ይዤ መምጣቴን ነገርኩት፤ ድስት አንተ ጋ አይጠፋም አልኩት።

"ፈቃድ የለኝም፣ ጌታሁን" አለኝ።

ማን ያያል አልኩ። የወሰዱብህ በሐሰት ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል አልኩ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐሰት ምስክርነቴን በአፌ አወጣሁት። አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይሁን ከሌላው አላውቅም። እሱ ግን አልተቆጣም፤ አላባበለኝምም።

"ሕጉን እኔ አልጠላውም" አለኝ። "እኔ ከጣስኩት ማን ይጠብቀዋል?" ቀጥሎም፣ "ሶዶ ምድጃው አሁን ይነዳል?" ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነበር የጠየቀኝ፤ ይነዳል ብለው እዚያው ሊልከኝ።

መዋሸት አቃተኝ። አይነድም አልኩት። ከእሱ በኋላ አንድ ቀን አልነደደም።

ላምበቦ ወደ ማሳው ዞሮ ቆየ። ሲመለስ እንግዲያው ሻሸመኔ ሂድ አለኝና መንገድ ድረስ ሸኘኝ፤ የምሄድበት መኪና እስኪመጣ አብሮኝ ቆመ። ሻሸመኔ አንድ የማላውቀው ሰው ነቀለልኝ። ጉጠቱን ሲቀቅል ከአጠገቡ ቆሜ አየሁ።

በሳምንቱ መጀመሪያ ሥራዬ ላይ ተመለስኩ። የገበያ ቀን ነበር። በሩ ላይ ከዲምቱ የመጡ ሦስት ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ላምበቦ ወደ ሐኪም ሂዱ ብሏቸው የመጡ ናቸው፤ የላካቸው እኔ እሱ ዘንድ ከመድረሴ በፊት፣ ምድጃው እንደማይነድ ሳያውቅ ነው። አንዲቱ ሴት ሰላምታውን አድርሳኝ ድስቱ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አስፋው ከውስጥ የመጀመሪያውን አስገባ እያለ ይጣራል። ውስጥ አለ አልኳት። ካርዳቸውን አወጣሁና ተራ በተራ አስገባኋቸው።